የጎደለው ሁሉ ሲደመር

ሩቅያ ሰይድ ዕጣው የወጣባት ሥራ ላይ ሳለች ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጤና ቢሮ፣ መስታወት በከለለው ክፍሏ ተቀምጣ ከደጋን ለመጣ አንድ ገበሬ የጉበት ምርመራውን ውጤት እያነበበችለት ነበር።

ሥራዋ ማንበብ ነው። መላሹ ያዘጋጀው ውጤት ለታማሚ በሰው አንደበት ይነገር የሚል ሕግ ከወጣ ወዲህ በየከተማው እንደ እሷ ያሉ አንባቢዎች ይቀጠራሉ። የሩቅያ ድምፅ ዝግ ያለና ለስላሳ ስለሆነ ክፉ ክፉው ወሬ ወደ እሷ ይመራል። የምታነበው ነገር ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም፤ እንድታውቅም የሚጠብቅባት የለም። ታማሚውም አይጠይቅም። ለመጠየቅ አፉን ከማላወሱ በፊት መልሱ ከጆሮው ሥር ተነግሮት አልቋል። አመስግኖ ይነሳል፤ እሷም ቀጣዩን ትጠራለች።

መላሹ ከጆሮ ጀርባ ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ፣ ምስር የሚያህል ነገር ነው። ሕፃን ጥርስ ማብቀል ሲጀምር ይገባለታል። ሩቅያ መላሽ ያልነበረበትን ዘመን እንደ ሕልም ታስታውሰዋለች፤ ትንሽ ልጅ ሆና እናቷ «ኧረ እኔ እንጃ» ስትል ትሰማ ነበር። አሁን «እኔ እንጃ» የሚል ሰው የለም። ልጇ ነጃት አድጋ፣ ተመርቃ፣ ጅማ ሥራ ይዛ እስክትሄድ ድረስ እናቷን «ለምን?» ብላ ጠይቃት አታውቅም። ጥሩ ልጅ ነበረች። ዝምተኛ፣ ጥሩ ልጅ።

ጥሪው የዜግነት ግዴታ ስለሆነ እምቢ አይባልም። ሩቅያ ሐይቅ ከተማ ዳር፣ ከውኃው አፋፍ ላይ ባለው የመረዳት ምርመራ ቤት በጋውን እንድትቀመጥ ታዘዘች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በትምህርት ቤቶች ውስጥ አንዲት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ብቻ ሳትነሣ ቀርታ ነበር፤ በእሷም ተማሪዎች መላሹ የሚላቸውን በኅብረት ይደግማሉ። የትምህርት ሸንጎው ይህችንም ሊያነሳት አሰበ። ሒሳቡን መላሹ ይሠራዋል፤ ድልድዩ ይቆማል፤ መድኃኒቱ ይቀመማል፤ ታዲያ የሰው መረዳት ለምን ያስፈልጋል? ከሸንጎው አባላት አንዳንዶቹ ከዚህም አልፈው መረዳት የሚባል ነገር ድሮም አልነበረም፤ ሰው መልሱን ካወቀ በኋላ ደረቱ ላይ የሚሰማው ሙቀት ነው እንጂ ሌላ አይደለም አሉ። ምርመራ ቤቱ ግን መረዳት አለ ብሎ ተከራከረ። ሸንጎውም ካለ አሳዩን አለ። በዚህ ምክንያት ከተራው ሕዝብ በዕጣ ሰው እየተወሰደ፣ ከበድ ያለ ጂኦሜትሪ እየተማረ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ እንዲቀዳ ተወሰነ። እስከዚያ ቀን የገቡት ሁሉ እንደገቡ ወጥተዋል። የሩቅያ ዕጣ የመጨረሻው ነበር።

ባሏ ኑርዬ መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። የአውቶቡሱ በር ሲከፈት እጇን ይዞ ቤቱ ያለ እሷ እንደሚጨልም ነገራት። እሷም ልቧ ከእሱ ጋር እንደሚቀር መለሰችለት። ሁለቱም ቃሉን ከጆሯቸው ሥር ሰምተው እንደተናገሩት ሁለቱም ያውቃሉ። ነውር አይደለም፤ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚሰናበተው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ግን ኑርዬ በመስኮቱ በኩል ሌላ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ፤ ምንም ሳይል እንደከፈተ ቀረ። ሩቅያ መንገዱን ሙሉ ምን ሊላት እንደነበር ስታስብ ሄደች። መላሹን ብትጠይቀው ይገምትላት ነበር። አልጠየቀችውም።

ምርመራ ቤቱ በር ላይ የተቀበለቻት ዶክተር እስከዳር የምትባል መርማሪ ናት። ረዘም ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠፍራ ያሰረች፣ በዕድሜ የሩቅያ እኩያ የምትሆን ሴት ነች። መጀመሪያ የተደረገው ነገር የሩቅያን መላሽ አውጥቶ በቦታው ቀጂውን ማስገባት ነበር። ቀጂው ይሰማል፣ ይመዘግባል እንጂ አይናገርም። ሲያወጡት አላመማትም። ያመማት ጸጥታው ነው። በመስኮቱ ስታይ ከሸምበቆው መሐል አንገተ ረጅም ነጭ ወፍ ቆሟል። ስሙ ማን ይሆን ብላ አሰበች፤ ማንም አልነገራትም። ጥቂት ጠበቀች። «ወፍ» አለች መጨረሻ ላይ፣ ለራሷ።

በማግስቱ እስከዳር ጠረጴዛ ላይ አንድ የካርቶን ሣጥን አስቀምጣ ሕጉን ነገረቻት። ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ በአንድ ነጥብ ዙሪያ ሦስት መቶ ስልሳ ዲግሪ አለ። ሦስት ገጾች በሚገጥሙበት የሣጥን ጫፍ ላይ ግን ሦስት ዘጠናዎች ብቻ ስለሚገናኙ ሁለት መቶ ሰባ ነው፤ ዘጠና ይጎድላል። ካርቶኑ ቀና ብሎ ጫፍ ሊሠራ የቻለው በዚህ ጉድለት ነው፤ ባይጎድልማ ተነጥፎ ይቀር ነበር። ሣጥን ስምንት ጫፎች አሉት፤ ስምንት ዘጠናዎች ሰባት መቶ ሃያ ይሆናሉ። ሕጉ የሚለው ይህ ቁጥር የሣጥኑ ብቻ አይደለም ነው። ገጾቹ ጠፍጣፋ የሆኑ፣ ዙሪያውን የተዘጋና ቀዳዳ የሌለው ማንኛውም ቅርጽ፣ ረጅም ይሁን አጭር፣ ያምር ይሁን አያምር፣ ጫፎቹ ላይ የጎደለው ሁሉ ሲደመር ሰባት መቶ ሃያ ነው።

ማረጋገጫውም በጽሑፍ ተሰጣት። ሩቅያ ዝግ ባለ ድምፅ ደጋግማ አነበበችው፤ ከሰዓት በኋላ ቃል ሳትስት በቃሏ አለችው። ማንበብ ሥራዋ አይደል።

«ገብቶዎታል?» አለች እስከዳር።

«አዎን፤ ገብቶኛል።»

እስከዳር የቀጂውን ማሳያ ወደ እሷ አዞረችላት። ቀጂው የሚስለው መስመር ከዳር እስከ ዳር ተኝቷል።

«ምሳ ሲበሉ እንኳ ከዚህ የተሻለ ተነሥቶ ነበር» አለቻት። ክፋት አልነበረባትም፤ የምታየውን ነው የተናገረችው።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ መናገር ቀርቶበት በእጅ ሆነ። ካርቶን፣ መቀስ፣ ፕላስተርና የማዕዘን መለኪያ ተሰጣት። ደንቡ አንድ ነው፤ ሩቅያ የፈለገችውን ትጠይቃለች፣ ማንም አይመልስላትም። እስከዳር ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ትመለከታለች።

ሩቅያ መጀመሪያ የሠራችው ድንኳን የመሰለ፣ አራቱም ገጾቹ እኩል ሦስት ማዕዘን የሆኑ ቅርጽ ነበር። አራት ጫፍ፣ እያንዳንዱ ላይ መቶ ሰማንያ ጎድሎ፣ ድምሩ ሰባት መቶ ሃያ። ቀጥላ የቤት ቅርጽ ሠራች፤ ያው። የተንሻፈፈ የቤት ቅርጽ ሠራች፤ ያው። ውሎ ሲያድር እልህ ያዛት። ሕጉን የሚያስት ቅርጽ ልታገኝ ቆርጣ ተነሣች። ከሣጥን አንዱን ጫፍ በመቀስ ቆርጣ ጣለችና ክፍቱን በሦስት ማዕዘን ካርቶን ደፈነችው። ዘጠናዋን ከነጫፏ አስወግጃታለሁ ብላ ነበር። ስትለካ በተቆረጠው ጫፍ ቦታ ሦስት አዳዲስ ጫፎች ተወልደዋል፤ እያንዳንዳቸው ሠላሳ ሠላሳ ይጎድላቸዋል። ዘጠናዋ አልሄደችም። ለሦስት ተካፍላ ቁጭ ብላለች።

አንዱን ገጽ ወደ ውስጥ ሰርጎድ አድርጋ ደግሞ ሞከረች። አሁን አንዳንዱ ጫፍ ላይ ከሦስት መቶ ስልሳ በላይ ተገኘ፤ ኮርቻ መቀመጫው ላይ እንደሚሆነው ካርቶኑ ተረፈ። ደስ አላት። ትርፉን ከጉድለቱ ስታቀናንሰው ግን ሌሎቹ ጫፎች ያንኑ ያህል ጨምረው ጎድለው አገኘቻቸው። ሰባት መቶ ሃያ። መቀሱን አስቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ከኋላዋ ሰው ቆሞ የሚቆጥርባት መሰላት። እዚህ ክፍል ውስጥ ካርቶኑን የምትቆርጠው እሷ ናት፤ ቁጥሩን የሚጠብቀው ግን እሷ አይደለችም። ማነው ታዲያ?

ቀና ብላ እስከዳርን አየቻት።

«ለምንድን ነው?» አለች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። እስከዳር ከንፈሯን ጨምቃ ወደ ማሳያው አቀረቀረች። መስመሩ በዚያች ቅጽበት ትንሽ ተርገብግቦ ተመልሶ ተኛ።

ከዚያ ወዲያ ሩቅያ ምሳም ትረሳ ጀመር። ጣቷን ቅርጾቹ ላይ ማስኬድ ለመደች። ጠረጴዛው ላይ ጣቷን ቀጥ አድርጋ እያስኬደች፣ በዘጠና ዲግሪ እያጠፈች ዙሪያ ስትመለስ አራት ጊዜ ትታጠፋለች። የሣጥኑን ጫፍ ስትዞር ግን በሦስት መታጠፍ ተመልሳ ከተነሣችበት ትገኛለች። ይህ አሳቃት። አራተኛዋ መታጠፊያ የት ሄደች? ክብ ወረቀት ቆርጣ፣ ከመሐሉ እንደ ዳቦ ቁራሽ ሸረፍ አድርጋ አውጥታ፣ ዳርና ዳሩን ገጠመችው። ወረቀቱ ሾጠጠ። በዙሪያው የሚሄድ ሰው ያቺን ቁራሽ ስለማይረግጣት በቁራሿ ልክ ሳይታጠፍ ይቀራል። በዚህ መንገድ አንድ ነገር ያዘች፤ ዙሪያውን የሄደ ሰው ስንት እንደታጠፈ ካወቀ፣ የዞረው ነገር ውስጥ ስንት እንደጎደለ ሳያየው ያውቃል። ከሦስት መቶ ስልሳ መታጠፉን ይቀንሳል፤ የቀረው ጉድለቱ ነው። ውስጡ ያለው ጫፍ አንድም ይሁን አምስት ለመንገዱ ግድ የለውም።

እዚያ ላይ ቆመች። ይህን ከያዘች በኋላ ወደ ሰባት መቶ ሃያ የሚወስዳት መንገድ አልታይ አላት። ተመላለሰችበት፣ ተወችው፣ እንደገና ያዘችው። በጋውም ወደ ማለቁ ተቃረበ። ከሸንጎው ምርመራው እንዲዘጋ፣ ተመርማሪዋም ወደ ቤቷ እንድትመለስ የሚል ቃል መጣ። እስከዳር ስትነግራት ድምፅዋን ዝግ አደረገች። ሩቅያ ያ ድምፅ እሷ ራሷ በቢሮዋ ክፉ ወሬ ስታነብ የምታወጣው ድምፅ መሰላት።

የምትሄድበት ዕለት ጠዋት፣ የሠራቻቸውን ቅርጾች ለኑርዬ ልታሳየው ፈልጋ ከዕቃ ቤት ባዶ ካርቶን ለመነችና ሞላችው። ቀጂው የግቢው በር እስክትደርስ ድረስ ከጆሮዋ ጀርባ አይወጣላትም፤ ደንብ ነው። ካርቶኑ እንዳይከፈትባት ሲባጎ ወገቡ ላይ አዞረች። ሐሳቧ አውቶቡሱ ላይ ነበር፤ ቦታ ባጣስ እያለች ነበር። ሲባጎው በአራቱም ጎን ዞሮ መጣና ሁለቱ ጫፎቹ እጇ ላይ ተገናኙ።

አልቋጠረችውም። እጇ ቆመ።

ሲባጎው አንድ ጊዜም አልታጠፈም። ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይጎብጣል እንጂ ወደ ላይም ወደ ታችም አላለም። ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ መጣ። መታጠፉ ዜሮ ከሆነ፣ ከሲባጎው በላይ ያለው ጉድለት ሦስት መቶ ስልሳ ሙሉውን ነው። ከበታቹም ያለው እንደዚያው ሦስት መቶ ስልሳ። ሁለቱ ሲደመሩ ሰባት መቶ ሃያ።

ይህ ግን የሣጥን ነው፤ ሲባጎው ቀጥ ያለ ስለሆነ ነው አለች በልቧ። ላላ አድርጋ ወደ ላይ ገፋችው። ሲባጎው በአንዱ ጫፍ አናት ላይ ዘሎ አለፈ፤ ያ ጫፍ ከላይኛው ወገን ወጥቶ ወደ ታችኛው ገባ። ለመዝለል ሲል ደግሞ ታጠፈ። ሩቅያ መታጠፊያውን በጣቷ ተከተለችው። ለላይኛው ወገን ወደ ውስጥ ነው የታጠፈው። ለታችኛው ወገንስ? ለታችኛው ወደ ውጭ ነው። ሁለት መታጠፍ የለም፤ አንድ ነው፤ ከዚህ ሲያዩት መግባት፣ ከዚያ ሲያዩት መውጣት። ላይኛው ያጣትን ታችኛው አገኛት። ሲባጎው እንደፈለገ ይጠማዘዝ፣ አንዱ ወገን የቀነሰውን ሌላው ይጨምረዋል። የሚቀረው ሁለቱ ሦስት መቶ ስልሳዎች ናቸው። ሁልጊዜም ሁለት ናቸው፤ ምክንያቱም ማንኛውም መንገድ ዞሮ ሲገጥም ወገኑ ሁለት ነው።

ሣጥንነቱ ቀረ። ካርቶንነቱም ቀረ።

ሲባጎውን አወረደችና በአንዲት ጫፍ ዙሪያ ብቻ አደረገችው። ሦስት መታጠፊያ፣ ሁለት መቶ ሰባ። ከውስጥ ዘጠና ይጎድላል፤ ይህን ታውቃለች። እንግዲህ ከውጭ በኩል ያለው ሦስት መቶ ስልሳ ሲደመር ሁለት መቶ ሰባ፣ ስድስት መቶ ሠላሳ መሆን አለበት። ከውጭ የቀሩትን ጫፎች ቆጠረች። ሰባት ናቸው። ሰባት ዘጠና ስድስት መቶ ሠላሳ። ሳትለካ፣ ሳይነገራት፣ ሄዳ ስትደርስ ነገሩ ቀድሞ እዚያ ቆሞ ይጠብቃታል።

ሳቀች። ከዚያ ዓይኗ ውኃ ሞላ። ሰው «ገባኝ» የሚለው ነገሩ ወደ እሱ ስለሚገባ ይመስላት ነበር። አሁን የሆነው የተገላቢጦሽ ነው፤ እሷ ናት የገባችው። ሰፊ ቤት ነው፤ ሰው ከመኖሩ በፊት መብራቱ የበራ።

እስከዳር ከማሳያው ክፍል እየሮጠች መጣች።

«ምን ሆኑ ወይዘሮ ሩቅያ? ምን አገኙ?»

ሩቅያ ሲባጎውን እንደያዘች ቀና አለች።

«አንድ መንገድ ነው» አለች። «ግን ሁለት ወገን አለው።»

እስከዳር ኋላ እንደነገረቻት መስመሩ ከማሳያው አናት በላይ ወጥቶ ነበር። አስገራሚው ግን መነሣት የጀመረው ሩቅያ ሲባጎውን ሳታስተውለው፣ ስለ አውቶቡሱ እያሰበች ሳለ መሆኑ ነው። ከእሷ ቀድሞ አንድ ነገር ውስጧ አውቆ ነበር፤ ማን እንደሆነ መርማሪዎቹም አያውቁም።

የዚያን ዕለት ሩቅያ አልሄደችም። ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደች። በውኃው ማዶ ተራሮቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ በየመሐላቸው ጎድጎድ ያለ መተላለፊያ አለ። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቃቸው ናቸው፤ አሁን ግን እንደ ካርቶኖቿ አየቻቸው። ተራራው አናት ላይ መሬት ይጎድላል። በሁለት ተራራ መሐል ያለው ኮርቻ ላይ ይተርፋል። ጉድለቱና ትርፉ እየተቀናነሰ ከዚህ እስከ አምባሰል፣ ከአምባሰል እስከ ባሕሩ፣ ባሕሩን ተሻግሮ እግሯ የማይደርስበት አገር ድረስ ይሄዳል። ጎርፍ ሸለቆ ይቆፍራል፣ ተራራ ይናዳል፣ አዲስ ተራራ ከምድር ሆድ ይወጣል፤ ምድር ሁሉ ተዞራ ስትደመር ያው ሰባት መቶ ሃያ ናት። አንድ ዲግሪ አልጎደለም፣ አንድ ዲግሪ አልተረፈም። ሩቅያ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ፈርታ አልነበረም። ቆሞ ማየት ድፍረት መስሏት ነው።

ሸንጎው መዝገቡን አይቶ አመነ። መረዳት አለ። ቀጥሎ ያሰበው ግን ሌላ ነው። የተቀዳ ነገር ይገለበጣል፤ እንግዲያው የሩቅያ መረዳት ተገልብጦ በመላሹ በኩል ለሕፃናቱ ሁሉ ይሰጥ፤ የቀረችው የሒሳብ ክፍለ ጊዜም ትነሣ። ሩቅያ ፈቃዷን ስትጠየቅ ሳታመነታ ሰጠች። ያንን ጠዋት ነጃት ብታገኘው ብላ ነው የተመኘችው።

መጀመሪያ የምትሞክረው እስከዳር እንድትሆን ተወሰነ። ወንበር ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ብዙም አልቆየ፤ ፊቷ በራ። እንባዋ በጉንጯ ወረደ። ሩቅያ አጠገቧ ቆማ ስታያት ልቧ ዘለለ። ያን ያህል ጊዜ ብቻዋን ከቆመችበት ቤት ውስጥ ሰው የመጣላት መስሏት ነበር።

«አየሽው?» አለቻት፣ «እርስዎ» ማለቱን ረስታ። «ሲባጎውን ብናጠማዝዘውስ? ታችኛው ለምን ይጨምራል?»

እስከዳር ዓይኗን ገለጠች። ፈገግታው ገና ፊቷ ላይ ነበር።

«ምኑ?» አለች።

«ጉድለቱ።»

እስከዳር ለመመለስ ሞከረች። ፈገግታው አልጠፋም፤ ከሥሩ ግን ፊቷ ቀስ እያለ ገረጣ። «ያምራል» አለች በዝግታ። «በጣም ያምራል። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ያ ደስታ ለቀናት አልለቀቃትም። ኮሪደር ላይ ስትሄድ ይመጣባታል፤ ምሳ ላይ ሳህኗ ፊት ተቀምጣ እንባዋ ይወርዳል። ውስጡ ምንም የለም። ሠርግ ቤት አጥር ሥር ቆሞ ዘፈኑን እንደ መስማት ነው አለቻት ለሩቅያ፤ ማን እንዳገባ ሳያውቁ፣ በሩም የት እንደሆነ ሳያዩ። ሸንጎው ውጤቱን ሲሰማ አልደነገጠም። ከአባላቱ አንዱ ደስታው ብቻውን ለሕፃናቱ በቂ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ሌሎቹም ከሞላ ጎደል ተስማሙ። እስከዳር ክረምቱ እስኪገባ ድረስ እንዲታገሷት ለመነቻቸው። መረዳት ከሰው ወደ ሰው የሚሄድበት መንገድ እንዳለ አሳያችኋለሁ፤ ካላሳየሁ የፈለጋችሁትን አድርጉ አለች። ፈቀዱላት።

በማግስቱ ጠዋት ሩቅያ ወደ ሥራ ክፍሉ ስትገባ እስከዳር ካርቶኑ ፊት ተቀምጣ አገኘቻት። ከጆሮዋ ጀርባ ትንሽ ፋሻ ተለጥፏል፤ የራሷን መላሽ አስወጥታ ቀጂ አስገብታለች።

«ያኔ ‹ለምን› ብለሽ ስትጠይቂኝ ዝም ያልኩት ደንቡ ከልክሎኝ ብቻ አልነበረም» አለቻት። «ባይከለክለኝም የምመልስልሽ አልነበረኝም። ትቆያለሽ?»

ሩቅያ ለኑርዬ ደወለች። ነገሩን ስትነግረው እስከ መጨረሻው አዳመጣት። ከዚያ፣ መላሽ እንደሚያቀብለው ያለ የተቀባ ቃል ሳይሆን፣ እሺ፣ ቆይ፣ ግን እኔም አንድ ቀን ካርቶን እቆርጣለሁ ብሎ ዘጋው።

ስለዚህ ቆየች። እስከዳር እንደ እሷው ከመጀመሪያው ጀመረች። ቆረጠች፣ ለጠፈች፣ ለካች። ሕጉን ልታስት ታግላ ተሸነፈች። ሩቅያ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ስትመለከት ዝም ማለት ካርቶን ከመቁረጥ ይልቅ እንደሚከብድ አየች። ዕድሜዋን ሙሉ መልስ ስታነብ የኖረች ሴት ናት፤ መልስ ምላሷ ላይ ይዛ መቀመጥን አታውቅም። አንዳንዴ እስከዳር ከመንገዱ ጥግ ደርሳ፣ አንዲት ቃል ብትነገራት ልትገባ ስትል፣ ሩቅያ እጇን ከጠረጴዛው ሥር ጨብጣ ትይዛለች። ቃሏን ብትሰጣት ምን እንደምታስቀርባት ታውቃለች።

የመጀመሪያው ዝናብ በሐይቁ ላይ ሲጠቁር በታየበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እስከዳር ሲባጎ ሳይሆን የራሷን የፀጉር ላስቲክ ፈትታ አንድ የተንጋደደ ቅርጽ ላይ አጠለቀች። ሩቅያ የማታውቀው መንገድ ነበር። ላስቲኩን ወደ ታች ጎተተችው፤ ለቀቀችው፤ እንደገና ጎተተችው። ከዚያ ጎትታ እንደያዘችው ቀረች። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ወድቋል፤ አልነካችውም። መተንፈሷም አልታወቀም።

ሩቅያ ማሳያውን አልተመለከተችም። ፊቷን ነው የተመለከተችው። ሳታስበው ወንበሯን ስባ ተጠጋች፤ አፏም ለመናገር ተከፈተ።

እስከዳር ዓይኗን ከካርቶኑ ሳትነቅል አንድ እጇን አነሣች።

«ቆይ» አለች በሹክሹክታ። «አትንገሪኝ።»